የጥር ውሃ

ሃሊሞ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ፀሐይ ላይ የዋለውን ጀሪካን አዘነበለችው። ባሏ ሰማታር የተቀበረው በታኅሣሥ፣ ቀኑ እጅግ ባጠረበት ሳምንት ነበር። አሁን ጥር ገብቶ ቀኑ ረዝሟል፤ ውሃው ግን ከያኔው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ይህ በየዓመቱ ሲገርማት ሰማታር፣ "መሬት ያጠራቀመችው ሙቀት ወዲያው አያልቅባትም፤ ቀስ እያለ ነው" ይላት ነበር።

ቀና ስትል ሁለተኛውን ጀሪካን አየች። ዛሬም እንደ ልማዷ ለእሱ ሞልታ ፀሐይ ላይ አውጥታለት ኖሯል። በለቅሶው ሰሞን እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ።

ጎረቤቷ ኑርሀን ድምጿን ሰምታ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። "ያኔ እንዲያ ጠንክረሽ፣ አሁን ምን ሆንሽ ሃሊሞ?"

"ያኔማ ሙቀቱ ገና አላለቀብኝም ነበር" አለቻት።