አራተኛው ካንዴላ

«ሐዋሳ፣ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። የመኪናው ሞተር ግን እየተንቀጠቀጠ ያስነጥሳል፤ መካኒክ ጥራልኝ» አለችኝ ባለቤቴ ትርሲት። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «መካኒኩ ይኸው ፊትሽ ቆሟል!» አልኳት። በትዳራችን ዘመን አንድ ዕቃ እንኳ ጠግኜ እንደማላውቅ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም የሰሞኑ ኩርፊያችን በዚህ ይለቃል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ሞተሩን አስነስቼ፣ ስልኬ ላይ የሚያስተምረውን ሰውዬ እያየሁ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን የካንዴላዎቹን ገመድ በየተራ መንቀል ጀመርኩ። ሲነቀል በሞተሩ ላይ ለውጥ ካላመጣ፣ የሞተው ካንዴላ እሱ ነው። ሁለተኛው ላይ ኤሌክትሪኩ እስከ ክርኔ ነዘረኝና እንደ ፍየል ጮህኩ።

ጎረቤታችን ጋሽ ድንበሩ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ሰው ልጥራ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ፤ እየሠራሁ ነው!»

አራተኛው ሲነቀል ሞተሩ ምንም አልተለወጠም። አጥፍቼ ካንዴላውን ስፈታው ከሰል መስሏል። ሮጬ አዲስ ገዛሁና ቀየርኩት። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ድምፁ ለስለስ አለ። ጮቤ ረገጥኩ።

«ትርሲት! ነይ ስሚው!»

ሁለት ሻንጣ እየጎተተች ወጣች። ተመልሳ ገባችና የልብስ ስፌት ማሽኗን አመጣች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ ሳሎን የተሰቀለውን የእናቷን ፎቶ ታቅፋ ነበር።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«አልመለስም» አለች ቀስ ብላ። «ለመኪናው ግን አመሰግናለሁ።»

የግቢውን በር ከፈትኩላት። ዳገቱን ስትወጣ ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ሞተሩ አንዴም አላስነጠሰም።