ቅልጥሙ የማን ነው

ባሌ ሰይፉ በሚሠራበት የነዳጅ ጉድጓድ ላይ አደጋ ባስቀረ ቁጥር ድርጅቱ የሚሸልመው በፊልም ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያስቀምጡትና፣ እሱ ባይደርስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር፣ ማን ይሞት እንደነበር ያሳዩታል። ያየውን ለማንም እንዳይናገር ያስፈርሙታል። እኔም እዚያው የውሃ ቦቴ ስለምነዳ ደንቡን አውቀዋለሁ።

እሱም ትንፍሽ አይልም። ብቻ በሚቀጥለው እሁድ አንዱን ባልደረባውን ምሳ ይጠራና ከቅቅሉ ውስጥ ቅልጥሙን መርጦ ለእሱ ያወጣለታል። አምና ጉሌድን ጠራው። ጉሌድ መቅኑን እየመጠጠ፣ "ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ትክ ብሎ የሚያየኝ?" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ፊልሙ ላይ ማን ሲሞት እንዳየ ገብቶኝ ስለነበር ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሰይፉ የጋዝ ቧንቧ ሲያፏጭ ሰምቶ፣ ሮጦ ቫልቩን ዘጋ። ዓርብ ሸለሙት። እሁድ ቅቅሉን ሠርቼ ሦስት ሳህን አቀረብኩ።

"ዛሬ ማን ነው የሚመጣው?" አልኩት።

"ማንም አይመጣም።"

ሦስተኛውን ሳህን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ ቅልጥሙን አውጥቶ እኔ ፊት አስቀመጠው።

ሐሙስ ጠዋት ቦቴዬን ያቆምኩት እዚያ ቧንቧ አጠገብ ነበር።

"ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" አለኝ ትክ ብሎ እያየኝ።

መቅኑን ዳቦ ላይ አራገፍኩና ግማሹን አጎረስኩት።

"አለሁ እኮ" አልኩት።