ወረቀት አያፈስም

አናጺው በኪራይ በኖረባቸው አሥራ አንድ ዓመታት በሰው ቤት ላይ አንዲት ሚስማር መትቶ አያውቅም። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ያስቀምጣል፤ ባልዲው ሲሞላ ይደፋል። ሚስቱ «የአናጺ ሚስት ተብዬ ባልዲ ስዘል ልሙት?» ስትለው መልሱ አንድ ነው።

«ቤቱ ባማረ ቁጥር ኪራይ የሚጨምረው በእኛው ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። አከራያቸው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ ሐምራዊ ጃንጥላዋን ይዛ ትመጣለች። በጃንጥላው ጫፍ በሩን ሦስት ጊዜ ትመታለች፣ ኪራይዋን ትቀበላለች፣ ከዚያ ቤቱን ዙሪያውን ትቃኛለች። አዲስ መጋረጃ ካየች አለቀላቸው። አናጺው በዚህ ዓለም ላይ የሚመኘው ነገር ቢኖር ከዚህች ሴት እጅ መውጣት ነበር።

ስለዚህ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎ ሲያይ ልቡ ዘለለ፤ ፊቱን ግን አኮሳተረ። ቤት እገዛለሁ ብለው የከሰሩ ሰዎችን ታሪክ በቃሉ ያውቃል። የሥራ ባልደረባው ቀብድ ሰጥቶ ተበልቷል። የሚስቱ ወንድም በቀለም ተታልሎ የበሰበሰ ግድግዳ ገዝቷል። እሱ እንደ እነሱ ሞኝ አይደለም።

የከፈቱለት ዓይነ ፈጣን አሮጊት ነበሩ። አናጺው ግድግዳውን አንኳኳ፣ ወለሉን ረገጠ፣ ቀና ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

«እማማ፣ ይሄ ጣሪያ ሳይሆን ወንፊት ነው።»

«ሌላስ ምን አለበት፣ ልጄ?» አሉና ደብተር አወጡ። የተናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉት።

ዋጋ ሲጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ። «እንዲህ እንዳለ ብሸጠው ነውር ነው። አንተ ጠግነው፤ ያወጣኸውን እጥፍ አድርጌ ከዋጋው ላይ እቀንስልሃለሁ።»

እጥፍ! አናጺው ሳቁ እንዳያመልጠው ሳል አስመሰለው።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ አሮጊቷ። «ወር በገባ በአምስት እንዳትመጣ። እንግዳ አለብኝ።»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ፣ «ካርታውን አየኸው?» አለችው።

«የፊርማው ቀን አየዋለሁ። መጀመሪያ ጣሪያው ነው። ወረቀት አያፈስም።»

«ቀብድስ?»

«ሰባራ ሳንቲም አልሰጠሁም!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲህ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ ተወችው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ገንዘቡ መስኮት ቀየረ፣ ወለል አነጠፈ፣ ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ለወጠ። አሮጊቷ ሻይ እያቀረቡ ከደብተራቸው ላይ ይሰርዛሉ። አጥሩን ልቀባ ቢል፣ «ከውጭ የሚታየውን ተወው» አሉት። ጭራሽ አዲሱን ቆርቆሮ የዝገት መልክ ያለው ቀለም ቀባልኝ አሉ።

«የሰው ዓይን አልወድም፣ ልጄ።»

አናጺው ለሙያው እያለቀሰ አዲስ ቆርቆሮ አዛገ። የሌላ ገዢ ዓይን ካላረፈበት ለእሱም ይበጃል።

ያ የአምስተኛው ቀን እንግዳ ግን ከነከነው። ሌላ ገዢ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እሱ ለፍቶ ባደሰው ቤት ላይ ዋጋ የሚጨምር አንድ ዓይን አውጣ!

አምስተኛው ቀን ደረሰ። ጠዋት ለአከራዩ ኪራይዋን ሲሰጣት፣ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው፣ እትዬ» አላት።

ሴትዮዋ ባልዲውን አየት አድርጋ፣ «ይቅናህ። በል እኔ ገና ሌላ በር አለብኝ» ብላ ወጣች።

እሱም በአቋራጭ ወደ አሮጊቷ ቤት ሮጠ። ሲደርስ ካርቶኑ ከበሩ ላይ የለም። «ጉድ ሠሩኝ!» አለ። በጓሮ በኩል ገብቶ፣ አሮጊቷ ሳያዩት በራሱ መሰላል ጣሪያው ላይ ወጣ። ያንን ገዢ ሲገባ ሊያፋጥጠው፣ በዝገቱ ላይ በደረቱ ተኝቶ ጠበቀ።

በሩ ሦስት ጊዜ ተመታ፤ አሮጊቷ የወሩን ኪራይ በእጃቸው ይዘው እየተጣደፉ ወጡና ለሐምራዊው ጃንጥላ ከፈቱለት።