የበርሜሉ ዛጎል

ዛሬ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ፊቴን ሳልታጠብ የውሃውን በርሜል ከፈትኩ። በርሜሉ ውስጥ የምትኖረው ዛጎል፣ ባለ ቅርፊቷ የውሃ ፍጥረት፣ አፏን ከከፈተች ውሃው ንጹሕ ነው፣ ይጠጣል፤ ከዘጋች ግን ከበርሜሉ በሚወጣው ቧንቧ ላይ ያለ ጎረቤት ሁሉ ውሃ አይነካም። ሕጉ ይህ ነው። የእኔዋ ከዘጋች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

የውሃ ተቆጣጣሪዋ ብርቄ አዲስ ዛጎል በባልዲ ይዛ መጣች።

«እትዬ ውዴ፣ ሞታለች እኮ።»

«አኩርፋ ነው። ትከፍታለች።»

«ዛጎል ደግሞ ከማን ጋር ተጣልታ ነው የምታኮርፈው? ሰፈሩ እኮ ውሃ ጠማው!»

ዛጎሏን አወጣኋት። ጀርባዋ ላይ በየዓመቱ አንድ መስመር ይወጣል። ባለቤቴ አንማው በየፋሲካው መስመሮቹን በጥፍሩ እየነካ ይቆጥር ነበር። አሥራ አራት አድርሶ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጨምራለች።

«ቅርፊቷን እንኳ ብታስቀሪልኝ?»

«አይቻልም እትዬ። ተፈጭቶ ለማጣሪያ ይሆናል» አለች ብርቄ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በፌስታል ጠቅልላ ወሰደቻት። አዲሷ ወዲያው አፏን ከፈተች፤ ጎረቤቶቼም ቧንቧቸውን ሲከፍቱ ሰማሁ። የአዲሷ ጀርባ ገና ልሙጥ ነው። ውሃው ንጹሕ ነው። በርሜሉ ውስጥ አንማው የኖረበት አንድም ዓመት የለም።