የአምስት ዓመቱ ልጅ ትውስታ

የልጆችን ዕድገት ንድፈ ሐሳብ ሸምድዶ የመምህርነት ፈቃድ ማግኘት ከቀረ ቆይቷል። አሁን ተፈታኙ የአንድ ልጅ ትውስታ አእምሮው ላይ ተጭኖለት በገዛ ገላው ይኖረዋል። ለተፈታኟ ለዘርፌ የደረሳት የአምስት ዓመት ልጅ ትውስታ ነበር። አባቱ ጀርባውን በኤሌክትሪክ ገመድ ሲተለትለው፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ሲያላትመው፣ ሁሉንም ቀመሰችው።

«ልጁ ለምን የተመታ ይመስለዋል?» አላት ፈታኙ።

«እማዬ የሞተችው በእኔ ጥፋት ስለሆነ ነዋ!» አለች እየተንሰቀሰቀች።

«ትክክል። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሁሉም ነገር ምክንያት ራሱ ይመስለዋል» ብሎ ፈቃዷን ፈረመላት።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ አሰግድ እንኳን ደስ አለሽ ሊላት እጆቹን ዘረጋ። ዘርፌ ጠረጴዛ ሥር ተወሸቀች።

«ሁለተኛ አይለምደኝም፣ አባባ!»

አሰግድ ተንበርክኮ «ዘርፌ፣ እኔ እኮ ነኝ» ሲላት፣ ጭራሽ ሽንቷ አመለጣት።