የአራተኛው ፎቅ በር

መሐንዲሱ የሕንፃውን የደኅንነት መመዝገቢያ ቅጽ ከሥር ካለው ካፌ ሳይነሣ ነበር የሞላው። ተከራይዋ ግን ቅጹን ከእጁ ነጥቃ አራተኛ ፎቅ ድረስ አስከተለችው።

«‹የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃ አለው› ይላል። የት አለ?» አለችው።

«ፕላኑ ላይ አለ። አንቺ ተከራይ ነሽ፣ ምን አገባሽ?»

«ልጆቼ የሚያድሩት እዚህ ነዋ!» ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን የብረት በር በእርግጫ ከፈተችው። «ካለ በሱ ውረድ!»

መሐንዲሱ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል በንዴት ወደ በሩ ተራመደ። እግሩ ማረፊያ አጣ። የደብረ ታቦር ብርድ ፊቱን ገረፈው። ከበሩ ወዲያ ደረጃ አልነበረም፤ ታች፣ ሩቅ፣ የተደረደሩ ባጃጆች ብቻ። ከመውደቅ ያተረፈው ኮቱን ከኋላ የጨመደደው እጇ ነበር።

«እስቲ ድገመው» አለችው፣ የጨበጠችውን ኮት ቀስ በቀስ እያላላች። «አለ ወይስ የለም?»