ሦስተኛው ቋጠሮ

ብርድ ልብሱን ከቡርቱካን ሬሳ አንገት ገለጥ ሳደርግ እጄ ቀጥ ይላል። ሲባጎ ነው። ሁለት ዙር ዞሮ፣ ጫፉ ተመልሶ ከሥር ገብቷል።

ቡርቱካን መርሳ ከተማ መናኸሪያ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ ሻይ ቤቴን ለማን ጥዬ ብላ ቀረች። እኔም ልጆቼን ሸኝቼ፣ ከቤቴ አልወጣም ብዬ ድርቅ አልኩ። ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ጎረቤት የለ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሚገባ እንግዳ ቢኖር ጀናዛ ነው። ሴት ስትሞት የምታጥብ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። መስከረም ላይ ሬሳዋ ከወንዝ ዳር በመጣው ልጅ አንገት ላይ ነበር። ጥቅምት ላይ ወደ ግራና ከተማ ከሚወስደው መንገድ በመጣችው አሮጊት አንገት ላይም ነበር። ሁለቱንም ጦርነቱ በላቸው ብለው ቀበሯቸው። እኔም ዝም አልኩ። አጣቢ ያየችውን አታወራም፤ ወጉ ነው።

በቀኝ ጎኗ ጀምሬ አጥባታለሁ። ፀጉሯን ጎንጉኜ በአቡጀዲ እከፍናታለሁ። ሲባጎውን ግን በምላጭ በጥሼ፣ ቋጠሮውን ሳልፈታ በመዳፌ ይዤ፣ ባልዲዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ።

ደጅ ሸህ አቡበከር፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ረዲ ቆመዋል። ጎልማሳ ወንድ ከከተማው ሲጠፋ ረዲ አልሄደም። ሬሳ ፈልጎ የሚያመጣም የሚሸከምም እሱ ነው። የማይመርቀው ሰው የለም።

«ሸህዬ፣ ይችን ይዩልኝ» እላለሁ መዳፌን ዘርግቼ። «ጦርነት አይደለም የገደላት። ሦስቱንም የገደለ አንድ ሰው ነው። አስተሳሰሩ አንድ ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ዙልፋ፣ አጣቢ ያየችውን ትሸፍናለች።»

«የምሸፍነው የሟችን ነውር ነው። የገዳዩንም ሸፍኚ ያለኝ የለም።»

«ለማን ልትከሺ ነው?» ይላል አንዱ ሽማግሌ። «ፖሊሱ ሸሽቷል፣ ዳኛው ሸሽቷል።» በውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራል። «ያውልሽ፣ ለሱ አመልክቺ!»

ሌላው ሽማግሌ ይስቃል። ረዲ አይስቅም።

«እታለም ደክሟት ነው» ይላል ወደ እኔ ጠቁሞ፣ ለስለስ ብሎ። «ብቻዋን ከሬሳ ጋር ውላ። በሉ ሳይመሽ እንነሳ።»

ጀናዛዋን ከቤት አውጥተው ቃሬዛው ላይ ሲያኖሯት፣ ረዲ ሊያስራት ይንበረከካል። ገመዱን አንድ ዙር ያዞራል። ሁለተኛ ያዞራል። ጫፉን መልሶ ከሥር ሊያስገባ ሲል እጁ ይቆማል።

ይፈታዋል። ቀስ ብሎ፣ እንደ ጀማሪ እየተደነቃቀፈ፣ ሌላ ዓይነት አድርጎ ያስረዋል።

ሸህ አቡበከርን አያለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ያደርጋሉ። ሽማግሌዎቹ የመሣሪያው ድምፅ ወደመጣበት ወደ ሰማዩ አንጋጠዋል። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ረዲ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን።

«አንቺም እኮ ብቻሽን ነሽ፣ እታለም» ይለኛል። «ከቀብር መልስ ብቅ ብዬ አይሻለሁ።»

«አላህ ጀዛህን ይክፈልህ፣ ልጄ» ይሉታል ሸህ አቡበከር።

አራቱ ቃሬዛውን ያነሳሉ። ባልዲዬን መሬት አስቀምጬ እከተላለሁ።

«ዙልፋ! ሴት ቀብር አትወጣም፣ ተመለሺ!» ይላሉ ሸህ አቡበከር።

«አልመለስም።»

«ምን ነካት ይቺ ሴት?» ይላል አንዱ ሽማግሌ።

ረዲ ከኋላ ነው የተሸከመው። ቋጠሮውን ጨብጬ፣ ዓይኔን ከእጁ ሳልነቅል እሄዳለሁ። ባዶው ቤቴ በሩ እንደተከፈተ ከኋላዬ ይቀራል።